ሳንቀመጥ የጠየቅነው

እጅጌዋ ሲገባ አየሁት። አንሶላውን በሁለት ጫፍ ይዘን ወደ መተኮሻ ማሽኑ አፍ እያስጠጋን ነበር፤ ጓደኛዬ በግራ፣ እኔ በቀኝ። የሹራቧ እጅጌ ከአንሶላው ጠርዝ ጋር ተያይዞ ወደሚሽከረከረው ትኩስ ብረት ሄደ። እንደተነገረን በሆዷ ማቆሚያውን ገፋችው። ማሽኑ አልቆመም። ደግማ ገፋችው፤ አልቆመም። ፊቷን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እሷ አልጮኸችም። የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በአማርኛ፣ «ኧረ ያዙልኝ» ብዬ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አንድም አማርኛ የሚሰማ ሰው ሳይኖር። ወገቧን አቅፌ ወደ ኋላ ጎተትኳት። ሹራቡ ያረጀ ነበርና ከትከሻው ተተረተረ። ሁለታችንም እርጥብ አንሶላ የሞላበት ጋሪ ላይ ወደቅን። እጅጌው ብቻውን ገባ።

በወዲያኛው በኩል የሚያጥፉት ሴቶች ምንም አላዩም። ትንሽ ቆይቶ እጅጌው ከአንሶላው ጋር ተተኩሶ፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ወጣላቸው። አንዷ አንሥታ ወዲያና ወዲህ አገላበጠችው። ከዚያ ቀና ብላ እኛን አየችን።

ይህ የሆነው አሌክሳንድሪያ፣ የሆቴልና የሐኪም ቤት አንሶላ ታጥቦ የሚተኮስበት ትልቅ ላውንድሪ ውስጥ ነው። እዚያ የሚሠራው ሁሉ ማለት ይቻላል ሂስፓኒክ ነው፤ የሳልቫዶር፣ የሆንዱራስ፣ የጓቲማላ፣ የቦሊቪያ ሰው። ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ያን ያህል መንገድ ሄደሽ አንሶላ ትተኩሻለሽ ወይ የሚሉኝ አሉ። ከአራተኛ ክፍል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ የቱ ሥራ ቀርቦ ይጠብቀኛል። ቀዩን ባቡር ይዤ ቢጫውን እቀይራለሁ፣ ከቢጫው ወርጄ አውቶቡስ እይዛለሁ። ባቡር ላይ ቆሜ መተኛት ከቻልኩ ቆይቻለሁ።

እጅጌዋ የተቀደደው ጓደኛዬ የሳልቫዶር ሴት ናት። ዊተን ነው የምትኖረው፤ ከኔ በፊት ስለምትሳፈር የመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ቦርሳዋን አስቀምጣ ቦታ ትይዝልኛለች። ኮማድሬ ትለኛለች። በነሱ አገር የልጅ ክርስትና እናት ማለት ነው አለችኝ። «ልጅሽን ክርስትና አላነሣሁም እኮ» ብላት «ከኔ ጋር አንሶላ አንሥተሻል፣ ይበቃል» አለች። ቋንቋችን ከእንግሊዝኛውም ከስፓኒሹም ከአማርኛውም ተለቃቅሞ የተሰፋ ነው። ፍጥነት ስጨምር «ቀስ፣ ቀስ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «ኩይዳዶ» እላታለሁ፣ ተጠንቀቂ ለማለት።

ያን ቀን ከወደቅንበት ተነሥቼ ማቆሚያውን ጎንበስ ብዬ አየሁት። በማሽኑ አፍ ፊት ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ቀይ ብረት ነው። ሰው ሲነካው ማሽኑ ቀጥ ማለት አለበት። ከሥሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ካልጎነበሱ አይታይም። ለምን እንደታሰረ ማንም አልነገረኝም፣ ግን አወቅሁት። ስንጠጋ ሆዳችን እየነካው ማሽኑ በቆመ ቁጥር አንሶላው ያርራል፤ ሥራው ይጓተታል።

ማናጀሩ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስልክ በትከሻው ይዞ የሚሮጥ ሰው ነው።

«ማማ» አለኝ፣ «ረጅም እጅጌ አትልበሱ ብዬ አልነበር?»

«ብርድ ነው» አልኩት። «የላዩ ንፋስ ይወርድብናል። ብረቱ ደግሞ ታስሯል።»

«አየዋለሁ» አለ።

«አየዋለሁ» እዚህ አገር፣ በኛ ቀበሌ «ነገ ተመለሺ» እንደሚባለው ነው። በማግስቱም ታስሮ ነበር፤ በሳልስቱም።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ጓደኛዬ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታየዋለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«ለዋናው መሥሪያ ቤት ልንገር መሰለኝ» አልኳት።

«ኮማድሬ፣ የኔን ስም ግን አትጥሪ» አለችኝ። «ስም ከተጠራ ሌላ ስም ይጠየቃል። ከዚያ ወረቀት ይጠየቃል።»

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይዋ ፍርድ ቤት ተንጠልጥሎ ዓመታት አልፈዋል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ኢሚግሬሽን ከሱቅ ፓርኪንግ ሰው ወሰደ፣ ከአውቶቡስ ፌርማታ ሰው ወሰደ ነበር ወሬው ሁሉ። የባቡሩ በር በተከፈተ ቁጥር የሚገባውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ታያለች። እኔ ዜግነቴን ይዣለሁ። ፍርሃት ግን ወረቀት አይቶ አያልፍም፤ እኔም ከእሷ ጋር አብሬ አያለሁ።

ቤት ገብቼ ሽንኩርት ልከትፍ ብል ቢላውን በጀርባው ገልብጬ ይዣለሁ። ልጄ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ አባቷ ሌላ ስቴት ነው፣ ያለነው ሁለታችን ነን። ቢላውን ወሰደችብኝ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ሁልጊዜ ደክሞሻል። ይሄ ሌላ ነው።»

ነገርኳት። አንድ ጊዜ በአማርኛ አዳምጣ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። «ማም፣ ጀስት ሪፖርት ኢት።» በቃ አመልክቺ ማለቷ ነው። ለሷ እንደዚያ ቀላል ነው፣ እዚህ ተወልዳለች። ማን አመለከተ ሲባል ሰዓቱ እንደሚቀነስ፣ አንዷ ባለፈው ዓመት ጀርባዬን አመመኝ ስላለች ስንት ሳምንት ቤቷ እንደተቀመጠች አላወቀችም። እጄን አየሁት። የቤት ኪራዩም፣ የልጅቷ ትምህርትም፣ እዚህ የመጣሁበት ነገር ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ብናገር ሥራው ይሄዳል፣ ዝም ብል እጁ ይሄዳል። ሌሎች እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። እኔ በማግስቱ ተነሥቼ ባቡሬን ያዝኩ።

በዚያው ሰሞን ከዋናው መሥሪያ ቤት አንዲት ሴት ትመጣለች ተባለ። ሥራዋ ዳይቨርሲቲ ነው። እኔ እንደገባኝ፣ ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ አንዱ ካንዱ እንዳይበልጥ፣ ማንም እንዳይገፋ የምትከታተል ናት። ለሂስፓኒክ ሠራተኞች ምሳ አዘጋጅታለች። ምሳ የምንበላበት ክፍል በወረቀት አበባና በባንዲራ ተሸልሞ ጠበቀን፤ ግድግዳው ላይ ሰፋፊ የወረቀት ባርኔጣ ተሰቅሏል።

ጓደኛዬ ባንዲራውን ቀና ብላ አየችና «ይሄ እኮ የሜክሲኮ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የናንተ አይደለም?»

«እኛ ሜክሲኮን በእግራችን አቋርጠን ነው የመጣነው።»

ሳቅ አፈነን። ሴትዮዋ ሳቃችንን አይታ ደስ ብሏት መጣች። ጥሩ ሴት ናት፤ ስትጨብጥ ዐይን ታያለች። «አንቺም ሂስፓኒክ ነሽ?» አለችኝ።

«አይደለሁም። ምግቡ ለሁሉም ነው ሲሉኝ ነው የመጣሁት።»

እሷም ሳቀች። ከዚያ መሐል ላይ ቆማ ጠየቀችን፤ ከቢሮ የመጣ ልጅ በስፓኒሽ አስተረጎመላት። «ሥራችሁ ላይ ምን ይከብዳችኋል? ምን ብናደርግ ይሻላችኋል? ሳትፈሩ ተናገሩ።» ማናጀሩ ሳህኑን ይዞ በር ላይ ቆሟል። ክፍሉ ዝም አለ። አንዷ «ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግራሲያስ» አለች፤ ሌላዋ ተከተለች። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ደፍራ «ማይክሮዌቩ አንድ ብቻ ነው፣ ሰልፉ ብሬካችንን ይበላዋል» አለች። ሁሉም እፎይ ብሎ አጨበጨበ። እጅ የሚበላ ማሽን ከግድግዳው ወዲያ ቆሞ፣ የጠየቅነው ማይክሮዌቭ ነው። እኔም አጨበጨብኩ።

ሲመሽ ባቡሩ ላይ ያን ዝምታ ሳስበው አላስገረመኝም። የማውቀው ዝምታ ነው። እኛም አገር ሹም መጥቶ ምን ጎደላችሁ ቢል፣ ተመስገን ምን ይጎድልብናል ነው መልሱ። በባለቤቱ ፊት፣ ሰው እያየ፣ ለራሱ ነገር አፉን ከፍቶ የሚለምን የለም። ለከባድ ነገር ሽማግሌ ነው የሚላክ።

በማግስቱ በብሬክ ሰዓት ይህንኑ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ሦስት አራት ሴቶች ከቧት ተቀምጠዋል፤ እየተረጎመች ትነግራቸዋለች።

«ሴት ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ» አልኩ፣ «የሚያገባት ልጅ ራሱ አይሄድም። ትልልቅ ሰዎች ይሄዳሉ። ግቡ፣ ተቀመጡ ይባላሉ። እነሱ ግን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ይቆማሉ።»

«ሽማግሌዎቹ? ቆመው?» አለች ጓደኛዬ። «እግራቸውን አያማቸውም?»

«ያማቸዋል እንጂ። ትልቅ ሰው አቁሞ ማቆየት ነውር ስለሆነ እኮ ነው የልጅቷ አባት የሚሰማቸው።»

«ሙሽሪት ማን ናት ታዲያ?»

«ቀይዋ ብረት ናታ።»

«ምስኪን» አለች፣ «ታስራ ነው ያለችው።» ስትተረጉምላቸው አንዷ የጠጣችው ውኃ ትን አላት።

ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩን ያዙት። በተለይ ደስ ያላቸው፣ ባለጉዳዩ አብሮ አይሄድም ያልኩት ነው። ሽማግሌ ነው የሚናገርለት፤ ፊቱም አይታይም። ስለዚህ መሄድ የሚችሉትን መረጥን፣ ወረቀት ያላቸውን ማለት ነው። ከአጣፊዎቹ መሐል አንዲት የሆንዱራስ እናት አሉ፤ ጸጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ዜግነታቸውን ይዘው የልጅ ልጅ ያዩ። በስፓኒሽ አንቱ ይኑር አይኑር ሳላውቅ በልቤ አንቱ ነው የምላቸው። ጓደኛዬን ብጠይቃት «እኛም አለን፣ ለሳቸው እኮ እንደዚያ ነው የምንናገረው» አለችኝ። ሁለተኛው ጋሪ የሚገፋ የቦሊቪያ ሰው ነው፤ ግሪን ካርድ አለው፣ እንግሊዝኛውም ከኛ ይሻላል። ሦስተኛዋ እኔ። ለሽምግልና ዕድሜዬ አልደረሰም፣ ሴት ሽማግሌም ብዙ አላየሁም። ግን ቆሞ መቆየቱን የማውቀው እኔ ነኝ።

የዳይቨርሲቲዋ ሴት ማይክሮዌቩን ይዛ የመጣች ቀን ሄድን። እሷና ማናጀሩ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ያወራሉ፤ ማይክሮዌቩ በካርቶኑ መሬት ላይ ነው። በር አንኳኩተን ገባን።

«ማማ፣ ምን ፈለጋችሁ? ተቀመጡ» አለ ማናጀሩ።

አልተቀመጥንም።

«ወንበር አለ፣ ተቀመጡ።»

ቆምን። አንድ ነገር ግን ረስቻለሁ። እኛ አገር ለምን እንደቆምክ ሁሉም ያውቃል፤ መናገር አያስፈልግም። እዚህ ማንም አያውቅም። ማናጀሩ አንዴ እኛን፣ አንዴ በመስኮቱ ወደ አዳራሹ አየ። አጣፊዎቹ እጃቸውን አንጠልጥለው ወደኛ ያያሉ፤ ማጠፍ ትተዋል። ፊቱ ተለወጠ።

«ሥራ ልታቆሙ ነው እንዴ?» ብሎ ስልኩን አነሣ። ለሴትዮዋ ደግሞ «ጥለው ሊወጡ ነው» አላት።

ለማክበር የቆምኩትን ለማስፈራራት አድርጎ አየው። የማውቀው እንግሊዝኛ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። የቦሊቪያው ሰውዬ «እንቀመጥ?» አለኝ ቀስ ብሎ። ልቀመጥ ነበር። የሆንዱራሷ እናታችን በክንዴ ላይ ተደግፈዋል። «ኖ» አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

«ለምንድን ነው የማትቀመጡት?» አለች ሴትዮዋ። ቁጣ የለበትም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«በኔ አገር» አልኳት፣ «ትልቅ ነገር ስንለምን መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም። ለአክብሮት ነው። ሥራ አላቆምንም። አሁን ሄደን እንሠራለን። ብቻ መጀመሪያ ስሙን።»

የቦሊቪያው ሰውዬ በተሻለ እንግሊዝኛ ደገመላት። ሴትዮዋ ትንሽ አሰበችና እሷም ከወንበሯ ተነሥታ ቆመች። ማናጀሩ ብቻውን ተቀምጦ ቀረ። ስልኩን እንደያዘ ቆየና፣ መቼም ሰው ነው፣ እሱም ተነሣ።

«ምንድን ነው የምትለምኑት?» አለችን።

«መጥተሽ እይው» አልኳት።

ማሽኑ ይሠራ ነበር። ጓደኛዬ ከሌላ ልጅ ጋር አንሶላ ታስገባለች፤ በአጭር እጅጌ ናት፣ ክንዷን ብርድ ወርሮታል። እኔን አይታ ዐይኗን መለሰች። ሴትዮዋ ቀዩን ብረት በመዳፏ ገፋችው። ትኩሱ ብረት መዞሩን ቀጠለ። በሁለት እጇ ገፋችው፤ ይዞራል። ጎንበስ በይ ብዬ ሥሩን አሳየኋት። ስትነሣ ማናጀሩን አላየችውም፤ ያየችው በማሽኑ አፍ የሚገባውን አንሶላና የልጆቹን ጣት ነው።

«የተጎዳ ሰው አለ?» አለች። «ማን ነው?»

ጓደኛዬ አንሶላውን ይዛ ደርቃ ቀረች። እናታችን ክንዴን ጭምቅ አደረጉኝ።

«ማንም አልተጎዳም» አልኳት። «እንዳይጎዳ ነው የመጣነው።»

አልደገመችም። ማናጀሩ «አጥፉት» አለ። መካኒኩ ተጠርቶ ማሰሪያውን ቆረጠው፣ ሽቦውንም አየው፤ እስከ ማታ ድረስ ማሽኑ አልተነሣም። እኛም ወደ እጅ ማጠፊያው ተላክን። ሴትዮዋ ስትወጣ እኔ ጋ መጣች። የሷም ቢሮ ሊዘጋ ነው፤ ይሄ ዳይቨርሲቲ የሚባለው ነገር በየቦታው እየቀረ ነው አለችኝ። ከመሄዷ በፊት ግን ስለ ማሽን ደኅንነት የሚነገረው ሁሉ በሠራተኛው ቋንቋ እንዲሆን አደርጋለሁ አለች። ከሷ በኋላ ለማን እንደምንናገር ልጠይቃት ፈለግሁ፤ እሷም እንደደከማት ፊቷ ላይ አይቼ ተውኩት።

ዓርብ ልወጣ ስል ማናጀሩ ጠራኝ። «ማማ፣ ሰኞ ከሥራ በፊት ቢሮ ነይ።» ሌላ ምንም አላለም። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ አንድም ቃል አልሰማሁም፤ ሥራ የት እንደሚገኝ ነበር የማስበው። ሴቨን ኮርነርስ አንዲት ዘመዴ የምትሠራበት ሱቅ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ኮል አድርጌ ጠየቅኋት፤ የለም አለችኝ። ልጄ «ሊያባርሩሽ አይችሉም» ትለኛለች። ይችላሉ፣ ሲያባርሩ አይቻለሁ።

ሰኞ ገባሁ። «ተቀመጪ» አለኝ። ልቀመጥ ልቁም ግራ ገባኝና ተቀመጥኩ።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ፊት ከምታሳጪኝ በፊት፣ ለኔ መንገር አልነበረብሽም?» አለ።

«ነግሬህ ነበር» አልኩት። «አየዋለሁ አልከኝ።»

ስልኩ ጠራ፤ አላነሣውም። ሊያሰናብተኝ ቃል እየፈለገ መሰለኝ።

«ነግረሽኛል» አለ በመጨረሻ። «ሰዓትሽ እንዳለ ነው። የማንም አልተነካም። ስለ ሌላ ሰው ደግሞ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልጠይቅም።» ቀጥሎ፣ ጠዋት ጠዋት ማሽኑ ሥራ ሳይጀምር የሚያስገቡት ሁለቱ ሴቶች ብረቱን እየገፉ እንዲያዩት፣ ካልቆመ ማንም እንዳይነካው አዘዘ።

ሴትዮዋ ያለችው የደኅንነት ትምህርትም ተሰጠን። ለሂስፓኒኮቹ እናታችን ከመካኒኩ ጎን ቆመው በስፓኒሽ አስረዱ፤ ሴቶቹ እንደ ምሳው ቀን ዝም አላሉም፣ ጥያቄ በጥያቄ ሆነ፣ አንዷማ ጓንት ይጨመርልን አለች። ለኔ በስልክ አስተርጓሚ ተገኘልኝ። ሰውየው «ከተሽከርካሪ አካላት ተገቢውን ርቀት በመጠበቅ ይንቀሳቀሱ» ይለኛል፣ እንደ ዜና አንባቢ። ጓደኛዬ ምን አለሽ ብላ ጠየቀችኝ።

«ስፓኒሹ ይሻለኝ ነበር» አልኳት።

ከዚያ ሁለታችን ማሽኑ አፍ ላይ ቆምን። መካኒኩ አስነሣው። አንቺ ቅደሚ፣ አንቺ ቅደሚ ተባባልን። እሷ በሆዷ ገፋችው። ቀጥ አለ። እንደገና ተነሣ፤ እኔ ገፋሁት። ቀጥ አለ። እንደገና አልኩት፤ መካኒኩ ሳይሰለች አስነሣልኝ። ቀጥ አለ። ጓደኛዬ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየችና ወደ ቦታዋ ሄደች። አንሶላው ብዙ ነበር።

በምሳ ሰዓት ልጄ ኮል አደረገችልኝ። ከክፍል ወጥታ ነው፣ ድምፅዋ ከደረጃ ሥር ይመስላል። «ማም፣ አር ዩ ኦኬ?»

«ደህና ነኝ» አልኳት። «ሥራዬ አለ። የማንም ስም አልተጠራም። ማሽኑ ሲነካ ይቆማል። ደህና ነኝ።»